እሳቱ ከጠፋ በኋላ

እ.ኤ.አ. በ1968 ለእይታ የበቃው «ሄልፋይተርስ» ፈረስና ሽጉጥ የለመደውን ጆን ዌይንን ቱታ አልብሶ፣ ቻንስ ባክማን አሰኝቶ ከሚነድ የነዳጅ ጉድጓድ ፊት አቆመው። አንድሪው ማክላግለን ያዘጋጀው ይህ ፊልም ግማሹ እሳት፣ ግማሹ ፍቅር ነው። የእሳት አጥፊው የቻንስ ባክማን ሚስት «ዛሬስ በሕይወት ይመለስ ይሆን?» እያለች መጠበቁ አንገሽግሿት ከባሏ ተለያይታለች። ልጃቸው ቲሽ ደግሞ የአባቷን የሥራ ባልደረባ አግብታ እናቷ ከሸሸችው ጭንቀት ውስጥ ዘላ ትገባለች።

ታሪኩ እንዲያው የተፈለሰፈ አልነበረም። ባክማን የተቀዳው ከሂዩስተኑ የነዳጅ ጉድጓድ እሳት አጥፊ ከሬድ አዴር ነው። አዴርና ባልደረቦቹ ቡትስ ሃንሰንና ኩትስ ማቲውስም ፊልሙን በሙያ አማክረዋል።

ሙያው ግን አዴርን ይቀድመዋል። በ1913 ካርል ኪንሊ የተባለ ሰው ታፍት በተባለችው የካሊፎርኒያ ከተማ የሚነድ ጉድጓድን በድማሚት አጠፋ። እሳትን በፍንዳታ ማጥፋት እብደት ቢመስልም ምክንያት አለው፤ ፍንዳታው ለቅጽበት አየሩን ገፍቶ ነበልባሉን ከሚፈልቀው ነዳጅ ይነጥለዋል። ልጁ ማይረን ኪንሊ ዘዴውን መተዳደሪያው አደረገው፤ ከ1929 እስከ 1931 የነደደውን የሩማንያውን የሞሬኒ ጉድጓድ ከታገሉት አንዱ እሱ ነበር። አዴርም በጦር ሠራዊት ቦምብ ሲያመክን ቆይቶ ከተሰናበተ በኋላ ማይረን ዘንድ ተቀጠረ፤ በ1959 የራሱን ድርጅት አቋቋመ።

ዝናው የናኘው በአልጄሪያ በረሃ ነው። በኖቬምበር 1961 በጋሲ ቱዊል አንድ የጋዝ ጉድጓድ ተቀጣጥሎ ነበልባሉ ወደ 140 ሜትር ተምዘገዘገ፤ ጠፈርተኛው ጆን ግሌን ምድርን ሲዞር አይቶታል። ዝግጅቱ ወራት ፈጀ። የውሃ ማጠራቀሚያ ተቆፈረ፤ የቀለጠው የብረት ፍርስራሽ በቡልዶዘር እየተጎተተ ተነሣ። በመጨረሻም ሠራተኞቹ ውሃ እየተረጨባቸው፣ ፈንጂው በረጅም የብረት ክንድ ጫፍ ተንጠልጥሎ ወደ ጉድጓዱ አፍ ተጠጋ። ኤፕሪል 28 ቀን 1962 እሳቱ ጠፋ።

በፊልም ቢሆን ይሄኔ ይጨበጨባል። ለሠራተኞቹ ግን የባሰው ገና መጀመሩ ነው።

ነበልባሉ እስካለ ድረስ የሚወጣውን ጋዝ ያቃጥለዋል። ሲጠፋ ጋዙ ሳይነድ አካባቢውን ያጥለቀልቃል፤ ብረት ከብረት ተጋጭቶ አንዲት ብልጭታ ከወጣች በዙሪያው ያለውን ሰው ሁሉ ይዛ ትነዳለች። ስለዚህ ሠራተኞቹ ብልጭታ የማያወጣ የናስ መዶሻ ይዘው፣ ጆሮ በሚያደነቁር ጩኸት መካከል በእጅ ምልክት እየተግባቡ፣ ሽቅብ በሚተፋው ጉድጓድ አፍ ላይ ከባዱን ቫልቭ አስተካክለው ይገጥማሉ፤ ብሎኑንም አንድ በአንድ ያጠብቃሉ።

በ1991 የኢራቅ ጦር ከኩዌት ሲያፈገፍግ ከ600 በላይ ጉድጓዶችን ለኮሰ። ዕድሜው 75 ያለፈው አዴር ከብዙ አገሮች ከመጡ ቡድኖች ጋር ተሰለፈ። ድሮ ነዳጅ ወደ ባሕር ዳርቻ ያወርዱ የነበሩት ቧንቧዎች አቅጣጫቸው ተገልብጦ የባሕር ውሃ ወደ በረሃው አመጡ። ሃንጋሪያውያን በታንክ ላይ የሚግ 21 ጄት ሞተሮች ጭነው ውሃውን በኃይል ነፉት። ፊልሙ የወደደው ድማሚት እዚያ የመጀመሪያው ምርጫ አልነበረም፤ አብዛኛው እሳት የጠፋው በውሃ ነው። ዓመታት ይፈጃል ተብሎ የተፈራው ሥራም ኖቬምበር 6 ቀን 1991 የመጨረሻው ጉድጓድ ሲከደን ተጠናቀቀ።