ጨርቅ ነጋዴው እና ሰንጠረዡ

የመመረቂያ ጽሑፌ «በዜና ውስጥ የማን ድምፅ ይሰማል?» የሚል ነበር። ሰንጠረዦቹን ከኮምፒውተሩ እንደወጡ ለጠፍኳቸው፤ ከነጥብ በኋላ አራት አራት አኃዝ፣ በየቁጥሩ ዙሪያ መስመር። ፈታኜ አንዱን ገልጠው «እዚህ ውስጥ ምን አየሽ?» ሲሉኝ ዝም አልኩ። ለካ እኔም አላነበብኩትም! ከዚያ ወዲህ ነው ጆን ግራውንት የሚባለውን የለንደን ጨርቅ ነጋዴ የወደድኩት።

በግራውንት ዘመን በለንደን በየሳምንቱ ስንት ሰው እንደተቀበረና በምን እንደሞተ የሚዘረዝር ወረቀት ታትሞ ይሸጥ ነበር። አስከሬኑን አይተው የሞቱን ምክንያት የሚናገሩት ለዚሁ የተቀጠሩ ባልቴቶች ናቸው። ገዢው ቁጥሩ ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብሎ ያይና የጨዋታ ማድመቂያ ያደርገዋል። ባለጸጋው ደግሞ ወረርሽኝ መበርታቱን አይቶ ከተማውን ጥሎ ይወጣል። በቃ።

ግራውንት የብዙ ዓመታቱን ወረቀት ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1662 መጽሐፍ አወጣ። ትልቁ ሰንጠረዥ በሽታዎቹን በፊደል ተራ ይደረድራል። አንድ በሽታ ፈልጎ ለማግኘት ይመቻል፤ ነገሩን ለመረዳት ግን አይመችም። ስለዚህ ከትልቁ ውስጥ ትንንሽ ዝርዝሮችን አወጣ፤ እያንዳንዱ አንድ ጥያቄ የሚመልስ። ለምሳሌ፣ ሰው የሚፈራው አሟሟት ምን ያህል ሰው ይገድላል? በ20 ዓመት ውስጥ ከሞቱት 229,250 ሰዎች መካከል፣ ከጨቅላ ሕፃናት በስተቀር፣ በረሃብ የሞቱት ከ51 አይበልጡም። የሕፃናት ሕመም ናቸው ያላቸውን አንድ ላይ ሲደምር ግን 71,124 ሆኑ። ከሦስት ሟች አንዱ ማለት ነው! ይህ ቁጥር በየሳምንቱ ይታተም ነበር፤ ግን የሆድ ትሉ አንድ ቦታ፣ ጥርስ ማብቀሉ ሌላ ቦታ ተበትኖ ማን ልብ ይበለው?

ከዚያም ዝነኛውን ሰንጠረዥ ሠራ። ከሚወለዱ 100 ሕፃናት 36ቱ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ፤ 16 ዓመት የሚደርሱት 40 ናቸው፤ 76 የሚደርሰው 1 ብቻ።

እዚህ ላይ ግን ጉድ አለ። መዝገቡ የሟቹን ዕድሜ አይጽፍም ነበር! 36ቱን ከበሽታዎቹ ዓይነት ተነሥቶ ገመተ፤ የቀረውን በስሌት ሞላ። እንዴት እንደደረሰበት በጽሑፉ ውስጥ ተናግሯል፤ ቁጥሩን ብቻ ገልብጦ የሚወስድ ሰው ግን ያንን ትቶት ይሄዳል። ግምት ተስተካክሎ በአምድ ሲደረደር የተቆጠረ ይመስላል። ማስታወሻ እዚያው ከሰንጠረዡ ሥር መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ከ300 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ አንድሪው ኤረንበርግ የተባለ የስታቲስቲክስ ምሁር ነገሩን ወደ ጥቂት ምክሮች አመጣው። ቁጥሮችን ወደ ሁለት ዋና አኃዝ አጠጋጉ። አማካዩን በዳር አስቀምጡ። የሚነጻጸሩትን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ጻፉ፤ ዓይን አምድን ቶሎ ያነባልና። ከፊደል ተራ ይልቅ በመጠን ደርድሩ።

በቀደም ማታ ያንን ሰንጠረዤን አውጥቼ እንደዚሁ ሠራሁት። ነጥቦቹን አጠፋሁ፣ መስመሮቹን ቀነስኩ፣ በመጠን ደረደርኩ። ከላይ ባለሥልጣናት፣ ከታች፣ መጨረሻ ላይ፣ ገበሬዎች። በፊደል ተራ ሳለ ገበሬዎቹ መሀል ላይ ተደብቀው ነበር።

ለፈታኜ መልስ አለኝ ማለት ነው። ሦስት ዓመት ዘገየሁ እንጂ!