ሰባት ቤት ቆጥረን አንድ ቤት ማየት ያቃተን

አያቶቻችን ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር። እኛ ግን ቤት ልንገዛ ስንሄድ አንዱን ቤት እንኳ በቅጡ አናይም!

የአንዲት ጓደኛችን እህት ዘጠኝ ዓመት ዓረብ አገር ሠርታ ያጠራቀመችውን ልካ ደሴ ላይ ቤት ተገዛ። እኛም አብረን ሄደን አየን (አየን ካላችሁት)። ሴራሚኩን አደነቅን፣ ካርታውን አገላበጥን፣ ደላላው "አንደኛ ቤት ነው!" አለ፣ አመንን። ክረምት ሲገባ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ወለሉ አግድም የወረደ ስንጥቅ ብቅ አለ። የጠራናቸው ሽማግሌ ግንበኛ ግድግዳውን በጣታቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉና "ልጆቼ፣ ይሄ የዘንድሮ አይደለም። በጀሶ ሞልተው ቀለም ቀብተውታል" አሉን። ለእህትየው ማን ደውሎ ይንገራት? እስካሁን አልተነገራትም።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። የደሴ የከተማነት ታሪክ ያኔ ራስ ከነበሩት ከንጉሥ ሚካኤል ጋር የተያያዘ ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከአዝዋ ገደል አጠገብ፣ ቦርከና በሚወርድበት ሸለቆ። ለጦር ሰፈር ገደል አጥር ነው፤ ለቤት መሠረት ግን ሌላ ነገር ነው። ተናለም አየነውና ጁሊዮ ባርቢየሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት በደሴ አካባቢ የመሬት መንሸራተት የደረሰባቸውንና የሚያሰጋቸውን ቦታዎች በካርታ አስቀምጠዋል። ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ደግሞ ሜዳው ላይ ዋልካ አፈር አለ፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ጥልቀት የሌለውን መሠረትም ይዞት ይነሣል፣ ይዞት ይወርዳል።

መሬቱ ራሱም አርፎ የተቀመጠ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከእኛ በስተደቡብ ካራቆሬ አካባቢ በተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈረሰች፣ ካራቆሬ ተጎዳች፣ የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ተሰነጠቀ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ ፈንታሌ ተንቀጥቅጦ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ።

ታዲያ የመመርመር ልማድ እንዴት ጠፋን? አንዱ ምክንያት 1967 ዓ.ም. ይመስለናል። በዚያ ዓመት በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፣ አንድ ሰው ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ። ቤት መግዛትና መሸጥ ተቀዛቀዘ። ከደርግ በኋላ ገበያው ሲመለስ ደላላው ቀድሞ ደረሰ፤ መርማሪው ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው።

"ሕግ አለ አይደል?" የሚል አይጠፋም። አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕንፃ ተቋራጭ ለሥራው ጥንካሬ 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዛል። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም ስለ ግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ደንግጓል። ግን ሠላሳ ዓመት የቆየ፣ ሦስት ጊዜ የተለጠፈ ቤት ስንገዛ የትኛውን ተቋራጭ ይዘን እንጮሃለን? ውልና ማስረጃም ሰነዱን ያያል እንጂ መሠረቱን አይቆፍርም።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችን በፊት መሐንዲስ እንውሰድ፤ ባይገኝ ከሻጩም ከደላላውም ጋር የማይተዋወቅ አንጋፋ ግንበኛ። ስንጥቁ ወዴት እንደሚሄድ፣ የጣሪያው ማገር በምስጥ መበላቱን፣ የዝናቡ ውኃ ወዴት እንደሚወርድ፣ ከኋላ ያለው ቁልቁለት የድጋፍ ግንብ እንዳለው፣ የመብራት መስመሩ እንዴት እንደተዘረጋ ይይልን። ከተቻለም በክረምት እንግዛ፤ በበጋ የሚያፈስ ጣሪያ የለምና።

"ለማየት ብቻ ይህን ያህል ብር?" የምትሉ ካላችሁ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ለደላላው ኮሚሽን ስትከፍሉ ተከራክራችኋል?