ስለ መምህራን ክብርና ስለ ቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ

የትምህርት ቤት ጽናት በግንቡ ውበትና በተማሪው ብዛት የሚለካ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የመምህሩ ልብ ካዘነ ትምህርቱ ይቀዘቅዛል፤ ትምህርቱም ከቀዘቀዘ ግንቡ ባዶ ቤት ይሆናል። ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን ታሪክ በኒውዮርክ ከተማ ተደርጓልና ባጭሩ እንናገራለን። ዘመኑም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ የተባለውን የካቶሊካውያን ዩኒቨርሲቲ በ1870 ዓ.ም. በብሩክሊን የመሠረቱት የቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል ማኅበር ካህናት ናቸው። በ1839 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጡት አቡነ ያዕቆብ፥ ማለት ጀስቲን ደ ያቆቢስ፥ የዚሁ ማኅበር አባል ነበሩ። በኋላ ዘመን ተማሪው ስለ በዛ ካህናቱ ብቻቸውን አልበቁምና ብዙ ምእመናን በመምህርነት ተቀጠሩ። ሥራው እንዲህ ቢሰፋም፥ ምክሩና ትእዛዙ በጥቂት አለቆች እጅ ቀረ።

ስለዚህ በማርች 1965 ዓ.ም. ከ200 የሚበልጡ መምህራን ከጉባኤ ተነሥተው ወጡ። የጠየቁትም ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የሚበቃ ደመወዝ፥ ሁለተኛው በዩኒቨርሲቲው ምክር ድምፅ እንዲኖራቸው ነው። በዲሴምበር ግን 31 መምህራን መሰናበታቸው ተነገራቸው፤ ክስ አልቀረበባቸውም፥ ቃላቸውም አልተሰማም። ከነርሱም መካከል አባ ፒተር ኦሬይሊ የተባሉ ካህን ነበሩና፥ ጠቡ የካህንና የምእመን ጠብ ነው ማለት አይቻልም። በጃንዩዋሪ 1966 ዓ.ም. ብዙ መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበር ዩኒቨርሲቲውን በይፋ ነቀፈ። አድማው ግን በ1967 ዓ.ም. ለመምህራኑ ድል ሳያስገኝ አበቃ።

ነገሩን የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሌዎን 13ኛ በ1891 ዓ.ም. በጻፉት መልእክት፥ ሠራተኛ ተገቢ ዋጋ እንዲከፈለውና ማኅበር ለማቆም መብት እንዳለው አስተምረው ነበር። እንግዲህ ለዓለም የተሰበከው ትምህርት ከራስ ቤት ደጅ ቆሞ ቀረ።

ነገር ግን ዘሩ አልጠፋም። በ1970 ዓ.ም. የዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህራን ስለ ሥራቸው ከአለቆቻቸው ጋራ የሚዋዋልላቸውን ማኅበር መረጡ። በ1979 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ የመንግሥቱ የሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች መምህራን ላይ ሥልጣን እንደሌለው ፈረደ።

አንባቢ ሆይ፥ የመንግሥት እጅ በማይደርስበት ስፍራ የሚቀረው ዳኛ ኅሊና ብቻ ነው። መምህሩ ተሰምቶ ሲሠራ ሥራው የራሱ ይሆንለታል፤ ሳይሰማ ሲታዘዝ ግን ሰዓቱን ቈጥሮ ይሄዳል። የትምህርት ቤት አለቃም ተማሪውን ከመመርመሩ አስቀድሞ መምህሩን በምን እንደ ያዘ ራሱን ይመርምር።