በባቲ ገበያ ስለሚገኙ የሥጋ መጥበሻ መሣሪያዎችና ስለ ብረታቸው ታሪክ

ባቲ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚያዘቀዝቅበት አፋፍ ላይ ተቆርቁራለች። ሰኞ ሰኞ የሚቆመው ገበያዋ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው፤ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ፣ ጨዉንም ጭኖ ከቆላ ይወጣል፤ ኦሮሞውና አማራው እህሉንና ቅቤውን ይዞ ከደጋ ይወርዳል። ስለዚህ ገበያ የሚናገር ሰው ሁሉ ግመሉንና ጨዉን ሳያነሣ አያልፍም። እኔ ግን ዓይኔን የጣልሁት በገበያው ዳር በሚጤሰው ፍም ላይና ሥጋውን በሚያገላብጠው ብረት ላይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልመረምር ያሰብሁት፣ ሥጋ በሜዳ ሲጠበስ የሚያገለግሉት የእጅ መሣሪያዎች፣ ማለት ቢላዋው፣ መቆንጠጫው፣ መቆስቆሻውና ሥጋው የሚሰካበት ዘንግ ከምን እንደሚሠሩ፣ ብረታቸውም በምን መንገድ ባቲ እንደ ደረሰ፣ ገዢውም መልካሙን ከመጥፎው በምን እንደሚለይ ነው። ነገሩ ለታሪክ ተማሪ ያነሰ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም ጥያቄውን ስጀምር የወጥ ቤት ወሬ መስሎኝ ነበር።

በመሠረቱ ጥብስ ብረትን የግድ አይሻም። እረኛና መንገደኛ ከጥንት ጀምሮ በድንጋይና በእንጨት ሲጠቀም ኖሯል። ቡርኩታ የሚባለው የመንገድ ቂጣ የጋለ ድንጋይ በሊጥ ተጠቅልሎ በፍም ውስጥ የሚበስል ነው፤ ድንጋዩ ምድጃም ምጣድም ሆኖ ያገለግላል። ሥጋም እንዲሁ በእንጨት ተሰክቶ በእሳቱ ዙሪያ ይተከላል። እንጨቱ እርጥብ መሆን አለበት፤ ደረቅ ከሆነ ሥጋው ሳይበስል እርሱ ይነዳል። ክትክታ ቀጥ ያለና ጠንካራ ስለ ሆነ ለዚህ ይስማማል፤ ወይራም መልካም ነው። ቁልቋል ግን በሜዳው ሞልቶ ቢገኝም አይነካም፤ ወተቱ መርዝ ነው፣ ዓይን ከገባም ብርቱ ጉዳት ያደርሳል።

ወደ ብረቱ ስንመጣ ግን ታሪኩ ወደ ባሕር ይወስደናል። በውስጥ አገር፣ ለምሳሌ በደቡብ በዲሜ ሰዎች ዘንድ፣ ብረትን ከአፈር አቅልጦ ማውጣት የታወቀ ጥበብ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከውጭ የሚመጣውም ብረት ከጥንት ጀምሮ ተፈላጊ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት አንድ በግሪክኛ የሚጽፍ ነጋዴ ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ ባዘጋጀው፣ ፔሪፕሉስ በሚባለው መጽሐፍ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል መጥረቢያንና ቢላዋን፣ ለጦር የሚሆን ብረትን፣ ከሕንድ የሚመጣውንም ብረትና ዐረብ ብረት ይቈጥራል። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ስለ መዳብ የሚናገረው ነው፤ የመዳቡ ዕቃ ለማብሰያ እንደሚያገለግል፣ ደግሞም እየተቈረጠ የሴቶች አምባርና አልቦ እንደሚሆን ያወሳል። እንግዲህ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ በዚህ አገር ተቈርጦ ሌላ ዕቃ መሆኑ የዛሬ ነገር አይደለም።

ባቲ ከአዱሊስ ሩቅ ናት፤ የእርስዋ የባሕር በር አሰብ ነበር። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን ይዘው በነበረበት ዘመን ከአሰብ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ የሚወጣውን የመኪና መንገድ ሲሠሩ ባቲ በመንገዱ ላይ ዋለች። ከዚያም በኋላ፣ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ በወደቡ መገልገል እስኪቀር ድረስ፣ የጭነት መኪና ሁሉ ያን ቆላ አቋርጦ ዳገቱን ይወጣ ነበር። ሙሉ ጭነት ተሸክሞ በእንዲህ ያለ መንገድ የሚሄድ መኪና ደግሞ የሚሰብረው አያጣም፤ ከሚሰበረውም አንዱ ባሌስትራው ነው። ለባለ መኪናው ኪሳራ የሆነው ስብራት ለብረት ሠሪው ጥሬ ዕቃ ሆነለት። ለዚህም ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ ባሌስትራም፣ ለቤት መሥሪያ የሚሆነው ፌሮም ከጣልያንኛ የመጡ ስሞች ናቸው። የታሪክ ተማሪ ሰነድ ባጣበት ስፍራ ቃል ሰነድ ይሆነዋል።

ባሌስትራና ፌሮ ሁለቱም ብረት ይባሉ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። በባሌስትራው ውስጥ ያለው ካርቦን ከመቶ ግማሽ ወይም ጥቂት ያለፈ ነው፤ ስለዚህ በእሳት ቀልቶ ውሃ ውስጥ በተነከረ ጊዜ ይጠነክራል፣ ስለትም ይይዛል። የፌሮው ካርቦን ከዚህ በእጅጉ ስለሚያንስ ቢነከርም እምብዛም አይጠነክርም፤ ነገር ግን ሳይሰበር ይታጠፋል። ስለሆነም ቢላዋ ከባሌስትራ፣ መቆንጠጫና መቆስቆሻ ከፌሮ ቢሆን ይሻላል። የፌሮ ቢላዋ ለዓይን ያማረ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ፍየል በልቶ ሳይጨርስ ግን ይደነዝዛል። ሞረድ ያለው ሰው በስለቱ ላይ ቢሞክረው ነገሩን ወዲያው ይረዳል፤ በሚገባ የጠነከረው ብረት ሞረዱን ያንሸራትተዋል፣ ለስላሳውን ግን ሞረዱ ይነክሰዋል። ከመጠን ያለፈ ጥንካሬም ጉዳት አለው፤ ከተነከረ በኋላ ተመልሶ በቀስታ ያልሞቀ ቢላዋ አጥንት ሲነካ እንደ ብርጭቆ ይሸረፋል።

ስለ እጀታውም መናገር ያስፈልጋል። የቢላዋው ጅራት በእንጨቱ ውስጥ እስከ መጨረሻው ዘልቆ በምስማር የተመታ እንደ ሆነ አይነቃነቅም፤ ጅራቱ አጭር ከሆነ ግን እንጨቱ በፍሙ ሙቀት ሲደርቅ ቢላዋው ከእጅ ላይ ይወልቃል። መቆንጠጫ አንድ ክንድ ያህል ቢሆን ይበቃል፤ ካጠረ እጅ ያቃጥላል፣ ከረዘመም ጕልበቱ ይደክማል። ሲገዛም አፉን ገጥሞ ወደ ብርሃን ማየት ነው፤ በመካከሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ትንሹን ሥጋ እሳት ውስጥ ይጥለዋል። ሥጋው የሚሰካበት ዘንግም ጠፍጣፋ ቢሆን ይመረጣል፤ በክቡ ዘንግ ላይ ሥጋው ስለሚሽከረከር ዘንጉን ብናዞረውም ያው የበሰለው ገጽ ወደ እሳቱ ይመለሳል። ዚንክ የለበሰ ሽቦና ቆርቆሮ ለርብራብ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በኃይለኛ ፍም እጅግ ሲግል የዚንኩ ጢስ ሰውን እንደ ወባ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ርካሽነቱ አያታልለን።

በባቲ የመሣሪያ ምርጫ በብረት ጠባይ ብቻ አይወሰንም። በወሎ እስላምና ክርስቲያን በዘር ይዛመዳሉ፣ በሰርግና በለቅሶም አይለያዩም፤ ሆኖም አንዱ ባርኮ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ ድግስ ሲደገስ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል፤ ቢላዋውም ማብሰያውም ይለያል። የግመል ሥጋ የነካውን ዕቃማ ክርስቲያኑ ፈጽሞ አይቀበለውም። በእስላሙ ሥርዓት ደግሞ ማረጃው በሚገባ የተሳለ እንዲሆን ታዝዟል፣ ከብቱ እያየም አይሳልም። (የገበያው ቀን ሰኞ መሆኑ ለክርስቲያኑም ይመቸዋል፤ ከዐበይት አጽዋማት በቀር በሰኞ ጾም የለበትምና።)

ማዕዱ ሁለት ይሁን እንጂ ለሁለቱም ቢላዋ የሚሠራው ባለ እጅ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ሁለቱም ወገን እርሱን በመግፋት ይስማሙ ነበር። ቀጥቃጭ እየተባለ ይሰደብ፣ ቡዳ ነው ተብሎ ይፈራ፣ ከጋብቻም ይገለል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ልማዱ ግን በብዙ ቦታ ጨርሶ አልጠፋም። እኔም ከነቀፋው ነጻ አይደለሁም። በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነበረን፤ ከውጭ በመጣ ሞረድ ከውጭ የመጣ ብረት እንሞርድ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ወናፉን የሚያናፋው ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ መጥቶ እንዲያሳየን አልተጠራም፤ ይጠራልን ያለ ተማሪም አልነበረም።

ከባቲ ስመለስ አንድ ቢላዋ ገዛሁ። ሻጩ ሠሪው ሳይሆን ቸርቻሪ ነው። ብረቱ ከምን እንደ መጣ ብጠይቀው ከአሮጌ የፊያት ጭነት መኪና የኋላ ባሌስትራ መሆኑን ሳያመነታ ነገረኝ። የሠራውስ ማን ነው ብለው፣ ከወዲያ ማዶ ካሉት ከአንዱ ነው የገዛሁት አለና ወደ ሌላው ገዢ ዞረ።