ታቶ፦ የካፋ የንግሥና ማዕረግና የያዙት ሰዎች

«ክርስቶስ ንጉሥ ነው» ብለን ስንሰብክ ሰሚው በልቡ ምን ዓይነት ንጉሥ እንደሚስል አንጠይቅም። በቦንጋም ሆነ በዋጫ ለሚያገለግል መጋቢ ግን ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ቃሉ እዚያ የራሱ ታሪክ ያለው ማዕረግ አለውና። እርሱም ታቶ ነው።

የካፋ ነገሥታት ከሚንጆ ጎሣ ይወጡ ነበር። ከእነርሱ መካከል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የነገሡት ጋሊ ጊኖቾ ግዛቱን ባሰፉ ንጉሥነታቸው ይታወሳሉ። በታቶው ፊት ሕዝቡ መሬት ላይ ይደፋ ነበር። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ይህ ገደብ የሌለው ሥልጣን ይመስላል። ነገር ግን በዙፋኑ አጠገብ ሚክሬቾ የሚባል የሰባት አማካሪዎች ጉባኤ ነበረ፤ ታቶው ታላላቅ ጉዳዮችን ያለ ጉባኤው ምክር አይወስንም ነበር። በዘዳግም 17 ንጉሡ የሕጉን ቅጂ ለራሱ ጽፎ ዕድሜውን ሙሉ እንዲያነብበው ታዟል። ካፋ የተጻፈ ሕግ ባይኖራትም ንጉሥ ለብቻው መተው እንደሌለበት ታውቅ ነበር። (ዛሬ «ሐዋርያ» የሚል ማዕረግ ለራሳቸው ከሰጡ አገልጋዮች ስንቶቹ ሰባት ሰው የሚጠይቃቸው ይሆን?)

ሃይማኖትም ከቤተ መንግሥቱ ደጅ የራቀ አልነበረም። ጣሊያናዊው የካፑቺን ሚሲዮናዊ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1859 ወደ ካፋ ገብቶ በ1861 ተባረረ። ወንጌል ይዞ የገባ ሰው ቆይታው በታቶው ፈቃድ ላይ እንደተንጠለጠለ ከዚህ እንረዳለን።

የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ናቸው። የወላይታው ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. ከተማረኩ በኋላ ካፋ ብዙ አልቆየችም። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ዘመተ፤ የጅማው አባ ጅፋርም አብረው ተሰለፉ። ጋኪ ሸሮቾ ወራት በጫካ ተሸሽገው ሲፈለጉ ከርመው በ1890 ዓ.ም. መባቻ ተያዙ። በብር ሰንሰለት መታሰራቸው እስከ ዛሬ ይተረካል፤ የንጉሥ ክብር በእስራትም አልጠፋም ለማለት ይመስለኛል። ሕዝቡ ከንጉሡ ሰውነት አስበልጦ ያከብረው የነበረው ዘውድ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ተወሰደ። እሳቸውም በግዞት ሞቱ፤ ከዚያ ወዲህ በታቶነት በካፋ ዙፋን ላይ የተቀመጠ የለም።