ትከሻ ላይ የቀሩ ጣቶች

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚሄድ መኪና ጊቤን ተሻግሮ ትንሽ እንደ ተጓዘ ሰኮሩን ያገኛል። ሰኮሩ የወረዳ ከተማ ናት፤ መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የትምህርት ቤት ፎርም የሚፈልግ ሁሉ ጉርድ ፎቶ ያስፈልገዋል። ጉርድ ፎቶ ደግሞ ጀርባው ነጭ ይሁን ይባላል። ባለጉዳዩ የተነሣው የጎጆ ግድግዳ ተደግፎ ወይም ቡና ዛፍ ሥር ቆሞ ከሆነ፣ አንድ ሰው ግድግዳውንና ዛፉን ማጥፋት አለበት። ዛሬ ይህን ስልክ በሰከንድ ይጨርሰዋል።

ኮምፒውተር ሳይመጣ ሥራው የብሩሽና የምላጭ ነበር። በሰውየው ዙሪያ ኔጋቲቩ ላይ ብርሃን የማያሳልፍ ቀለም፣ ብዙ ጊዜ ቀይ፣ በቀጭን ብሩሽ ይቀባል። ቀለሙ ባረፈበት በኩል ብርሃን ወረቀቱ ላይ ስለማይደርስ ፎቶው ሲታጠብ ጀርባው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው መንገድ የታተመውን ፎቶ በምላጭ ቆርጦ ሌላ ፎቶ ላይ መለጠፍ፣ ጠርዙን በቀለም ማለስለስና እንደገና ፎቶ ማንሣት ነው። ፎቶ መገጣጠም እንግዳ አይደለም፦ ፎቶ አንሺው ኦስካር ሬይላንደር እ.ኤ.አ. በ1857 ከ30 በላይ ኔጋቲቮች ገጣጥሞ አንድ ትልቅ ፎቶ ሠርቷል።

በኢትዮጵያ ግን የተቆረጠ ፎቶ ወሬ ከልጅ ኢያሱ ስም ጋር ተያይዞ ነው የሚነሣው። ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሐረር ሳሉ ከሥልጣን ሲወርዱ ዋናው ክስ ሃይማኖታቸውን ለውጠው ሰልመዋል የሚል ነበር። ጥምጥም አድርገው የሚታዩበት ፎቶም በዚያ ሰሞን ለማስረጃ እንደ ተሰራጨ ይነገራል። ራሳቸው ተቆርጦ በሌላ ሰው አካል ላይ ተለጥፏል የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ፎቶው እውነተኛ ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ መቶ ዓመት አልፎታል። ይልቅ የሚገርመው ሰው ከፎቶ ላይ ሊነቀልና ሌላ ቦታ ሊተከል እንደሚችል ማንም አለመጠራጠሩ ነው።

የፎቶ ማንሣትን ሙያ በቤተ መንግሥት ካስለመዱት አንዱ የምኒልክ ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ነው፤ ልጆቹም ወርሰውታል። በኋላ የተስፋፉት ፎቶ ቤቶች ከመቁረጡ ጣጣ የሚያድን ብልሃት ነበራቸው፦ ጀርባውን አስቀድሞ መሥራት። ሐይቅ፣ አበባ ወይም የአውሮፓ መናፈሻ የተሳለበት መጋረጃ ይሰቀላል፤ ተነሺው ከፊቱ ይቆማል። ምላጭም ቀይ ቀለምም አያስፈልግም።

ከዚያ ሥራው ወደ ኮምፒውተር ዞረ፦ ወንድማማቾቹ ቶማስና ጆን ኖል የሠሩት የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም፣ ፎቶሾፕ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ወጣ። በ1994 ሌየር (ንብርብር) እስኪጨመርበት ድረስ የተለጠፈው ቁራጭ ከጀርባው ጋር ስለሚዋሃድ፣ ለተሳሳተ ሰው የማረም ዕድሉ ጠባብ ነበር። በ2004 የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ግራብከት የተባለውን ዘዴ ይፋ አደረጉ፦ ሰውየውን በአራት ማዕዘን መክበብ ብቻ ይበቃል፤ ቀሪውን ኮምፒውተሩ ቀለም እያነጻጸረ ይለየዋል። በ2018 ደግሞ ሪሙቭ ዶት ቢጂ የተባለው ድረ ገጽ መክበቡንም አስቀረው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የሐበሻ ፎቶ ቀላል አልሆነም። ጎፈሬ ጠርዝ የለውም፤ ጫፉ ጭስ ይመስላል፣ አጥብቀው ሲቆርጡት ቆብ ይሆናል። ነጠላ ይብሳል። ስስ ስለሆነ ከበስተ ኋላው ያለው ግድግዳ በውስጡ ይታያል፤ ግድግዳውን ሲያነሡት ቀለሙ ነጠላው ላይ ይቀራል። አረንጓዴ ቀለም ከተቀባ ቤት ፊት የተነሣች ሴት ጀርባዋ ነጭ ቢደረግም ነጠላዋ አረንጓዴ እንዳዘለ ነው።

የሠርግ አልበም ግን ለዚህ ብዙም አይጨነቅም። ሙሽሮቹ ከጓሮ ተነቅለው ፏፏቴ ሥር ወይም ልብ ቅርጽ ውስጥ ይገባሉ፤ ጠርዙ ቢሸራረፍም የሚከፋ የለም። ከባዱ ለለቅሶ የሚታዘዘው ፎቶ ነው። ሟቹ ብቻውን የተነሣው ፎቶ ስለማይገኝ ቤተሰብ ከጓደኞቹ ጋር የቆመበትን ያመጣል። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ ጀርባው ይነጣል፣ ፎቶው ይጎላል። አንዱ ጓደኛ ግን አቅፎት ነበርና፣ ቆራጩ ካላስተዋለ አራት ጣቶች ትከሻው ላይ ይቀራሉ።