«ጣይቱ»፦ የአንድ ስም ምንጭና ትርጓሜ

ከቴዎድሮስ አደባባይ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ፒያሳ የሚያቀና ሰው ብዙም ሳይርቅ ከጣይቱ ሆቴል ይደርሳል። ሁለቱን ስሞች የሚያገናኛቸው የሰፈር ቅርበት ብቻ አይደለም። የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት እቴጌ ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ሲሆኑ፣ የእቴጌ ጣይቱ አባት ብጡል ኃይለ ማርያም ደግሞ የውቤ ወንድም ነበሩ። ጥሩወርቅ ለሚለው ስም ፍች አያሻም። ጣይቱ የሚለው ግን የእቴጌዪቱና የሆቴሉ መጠሪያ ብቻ ሆኖ ስለሚሰማ፣ ትርጓሜው ሊዘነጋ ተቃርቧል።

የስሙ ሥር ፀሐይ የሚለው የግዕዝ ቃል ነው። ቃሉ በአማርኛ ሁለት ለውጥ ደርሶበታል። አንደኛ፣ ጸጕር «ጠጉር»፣ ጸንዐ «ጠና» እንደ ሆነ ሁሉ፣ የመጀመሪያው ፊደል ወደ «ጠ» ተለወጠ። ሁለተኛ፣ ላህም «ላም» እንደ ሆነ፣ የጉሮሮው ድምፅ ተዋጠና «ጠሐይ» የነበረው «ጣይ» ተባለ። በመጨረሻ የሚገኘው «ቱ» ደግሞ በ«ልጅቱ»ና በ«ንግሥቲቱ» የምናውቀው፣ አንዲትን እንስት ለይቶ የሚያመለክት ምዕላድ ነው። እንግዲህ ጣይቱ ማለት ፀሐይቱ፣ ያቺ የምትታወቀው ፀሐይ ማለት ነው። አማርኛ «ፀሐይ ወጣች» ብሎ በእንስት አንቀጽ ስለሚናገር፣ ስሙ ለሴት ልጅ የተስማማ ነው።

ይህ ትርጓሜ በዘመኑ ሕያው እንደ ነበር የሚያስረዳ ነገር አለ። ጣይቱ ጥቅምት 1882 ዓ.ም. ዘውድ ከደፉ በኋላ የተጠሩበት ማዕርግ «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» ነበር። ወላጅ በአማርኛ ፀሐይ ያላቸውን ቤተ መንግሥት በግዕዝ ብርሃን አላቸው። እርሳቸውም በበኩላቸው ስም አውጪ ነበሩ፤ በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃ አጠገብ ለተቆረቆረችው ሰፈር አዲስ አበባ የሚለውን ስም የሰጡ እርሳቸው ናቸው።

በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው፣ በአገራችን የመጀመሪያ የሆነው ሆቴል ስማቸውን ይዞ ኖረ። ጥር 2007 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ከፊሉን አወደመው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከአሮጌው ፒያሳ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። እኛ መሐንዲሶች የድንጋይንና የኖራን ዕድሜ ማስላት እናውቅበታለን። ስም ግን የሚኖረው ፍቹን የሚያውቅ ሰው እስካለ ድረስ ነው። ስለዚህ የአደባባይን፣ የመንገድንና የሕንጻን ስም በፕላን ላይ ስናሰፍር ትርጓሜውንም አብረን ብንመዘግብ፣ ለሚመጣው ትውልድ ከሕንጻው የማያንስ ቅርስ እናስተላልፋለን።